ወገቤን ለመለሰችልኝ ልጅ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ቁጭ ብዬ ነው። ለእናንተ ምንም ላይመስላችሁ ይችላል። እኔ ግን ስምንት ወር ሙሉ ከሩብ ሰዓት በላይ መቀመጥ አቅቶኝ ነበር።

የጀመረኝ ልጄን ከአልጋው ላነሳ ጎንበስ ያልኩ ጠዋት ነው። ወገቤ ቋ አለ፣ እዚያው ቀረሁ። ከዚያ በኋላ ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ቀና ብሎ ሳያየኝ "ተኚ፣ አትንቀሳቀሺ" ብሎ ሸኘኝ። ተኛሁ፤ ስነሳ ባሰብኝ። ሌላ ቦታ ማሽን ወገቤ ላይ ለጥፈው ጥለውኝ ይወጣሉ፤ ሰዓቱ ሲደርስ አንዷ መጥታ ትነቅለዋለች። አስር ጊዜ ተመላልሼ አንድም ሰው "እንዴት ነሽ?" አላለኝም። ጂም ያገኘሁት ደግሞ የባሰ ነው። "ሆድሽ ላልቶ ነው" ብሎ ሲት አፕ አስደረገኝ፤ ሦስት ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። የማንንም ስም አልጠራም። ራሳቸውን ያውቃሉ።

እሷ ጋ የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ናት፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የምታክም ባለሙያ። የምታሠራው በፒላተስ ነው፤ ትንፋሽን እየተከታተሉ ቀስ ብለው የሚሠሩት የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ፒላተስ ቆንጆ ቆንጆ ልጆች ለፎቶ የሚሠሩት ነገር ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ምንም አላሠራችኝም። ጠየቀችኝ፣ ሰማችኝ። እግርሽን ይደነዝዝሻል? ሽንት መቆጣጠር ያስቸግርሻል? "እንዲህ ያለ ነገር ካለ እኔ ጋ አይደለም፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ነው የምትሄጂው" አለችኝ። የለም አልኳት። ከዚያ "ጫማሽን አውልቂ" ብላ ስጎነበስ ዝም ብላ አየችኝ።

"አሁን ትንፋሽሽን ያዝሽ፣ አውቀሻል?"

አላወቅኩም። ለካ ስምንት ወር ሙሉ፣ በጎነበስኩ ቁጥር፣ ዱላ እንደሚጠብቅ ሰው ትከሻዬን ሰብስቤ ትንፋሼን ይዤ ነው የኖርኩት። ያ ሁሉ ባለሙያ ያላየውን እሷ ጫማ ሳወልቅ አየችው። እንባዬ መጣ። እሷ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ምንጣፉ ላይ አጠገቤ ጋደም አለችና "በይ፣ አብረን እንተንፍስ" አለችኝ። ያን ቀን ሌላ ነገር አልሠራንም። ያቺን ቀን እስክሞት አልረሳትም።

በኋላ የመጡት እንቅስቃሴዎች ሲታዩ ቀላል ናቸው። በጀርባ ተኝቶ፣ ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ቀስ ብሎ ማንሳት። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን መዘርጋት። ሥሩትና እዩት፣ ያንቀጠቅጣል! ሆድ ውስጥ እንደ መቀነት ወገብን የሚይዝ ጡንቻ አለ ብላ አስረድታኛለች። ስሙን ነግራኛለች፣ ወዲያው ጠፋኝ።

እየሠራሁ እንዳላማርር ታሪክ ታወራልኛለች። ነገሩን የጀመረው በ1883 ጀርመን የተወለደ ጆሴፍ ፒላተስ የሚባል ሰው ነው። ልጅ ሳለ በሽተኛ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ይዘው አሰሩት፤ እዚያ ሳለ ከአልጋ መነሳት ላቃታቸው ሰዎች የአልጋ ስፕሪንግ እያሰረ ያሠራቸው ነበር ይባላል። ኋላ ኒውዮርክ ሲሄድ የተጎዱ ዳንሰኞች እሱ ጋ ይመላለሱ ነበር። እንግዲህ እኔም ከዳንሰኞቹ ተራ ገባሁ ማለት ነው።

በጣም የወደድኩላት አለመዋሸቷን ነው። "ፒላተስ ተአምር ነው ለምን አትይም?" አልኳት አንዴ። "ወገብ ለሚያመው ሰው ዝም ብሎ ከመተኛት ይሻላል። ከሌላ ስፖርት ሁሉ ይበልጣል ብዬ ግን አላታልልሽም። ዋናው ሳታቋርጪ የምትሠሪው መሆኑ ነው" አለችኝ። ገበያዋን ራሷ ስታበላሽ እያየሁ ይበልጥ አመንኳት።

ህመሙ ለቀቅ ሲያደርገኝ ላቆም ነበር። ተቆጣችኝ። "አሁን ነው ሥራው፣ ተመልሶ እንዳይመጣ!" ልጄን ሳነሳ ወደ ደረቴ አስጠግቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ እየተነፈስኩ እንዳነሳው በትራስ አለማመደችኝ። በትራስ! ባሌ እስካሁን ይስቅብኛል። እሱም ሲሮጥ ጉልበቱን ስለሚያመው አሁን ከእኔ ጋር ምንጣፍ ላይ ነው፣ ሳቁን ግን አላቆመም።

እባካችሁ፣ ወገባችሁን የሚያማችሁ ሰዎች፣ ማሽን ለጥፎ ጥሏችሁ ከሚወጣ ሰው ጋር አትኑሩ። ስትጎነበሱ የሚያያችሁ ሰው ፈልጉ። እህቴ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ እጅሽ ይባረክ። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጻፍኩም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን ፈቃዷን ጠይቄ አገናኛለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ መልስ ከዘገየባችሁ ወለል ላይ ነኝ።