ለዌዘርፎርዷ የካቲንግ አሰልጣኜ ምስጋና፣ ፈረስ ለምትወዱም ጥቆማ

ዳላስና ፎርት ዎርዝ አካባቢ ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ፈረስ የምትወዱ፣ ይህን አንብቡልኝ። ከፎርት ዎርዝ በስተምዕራብ ዌዘርፎርድ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ አንዲት በዕድሜ ገፋ ያሉ የካቲንግ አሰልጣኝ አሉ። ፈረስ ይቅርብኝ ብዬ ተስፋ ስቆርጥ የመለሱኝ እሳቸው ናቸው። በአደባባይ ሳላመሰግናቸው ብቀር ይከብደኛል።

ካቲንግን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፈረሰኛው ቀስ ብሎ የከብት መንጋ ውስጥ ይገባል። አንዷን ለይቶ ያወጣታል። ከብት ደግሞ መነጠል አትወድም፣ ልመለስ ትላለች። ከዚያ ወዲያ ሥራው የፈረሱ ነው። ፈረሰኛው ልጓም የያዘ እጁን ያወርዳል። ፈረሱ ራሱ ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ ወዲያ ስትል ወዲያ፣ ወዲህ ስትል ወዲህ እያለ መንገድ ይከለክላታል። ሁሉም ነገር በሁለት ደቂቃ ተኩል ያልቃል። ድሮ ቴክሳስ አጥር ሳይኖራት የየሰዉ ከብት ተቀላቅሎ ሲግጥ፣ የራስን ለመለየት የሚሠራ የእረኛ ሥራ ነበር። ዛሬ የራሱ ማህበር ያለው ትልቅ ውድድር ነው። ማህበሩ እ.ኤ.አ. በ1946 ተመሥርቶ እስካሁን ፎርት ዎርዝ ነው ያለው።

እኔ የእንጅባራ ልጅ ነኝ። ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ አባዬ ፈረሱን አስጊጦ ሲወጣ እያየሁ ነው ያደግኩት። እኛ ቤት ሴት ልጅ ታያለች እንጂ አትጋልብም ነበር። እዚህ አገር ነርስ ሆኜ፣ ሌሊት እየሠራሁ ትንሽ ገንዘብ ስይዝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ፈረስ መማርን ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። እዚያ ግን በጣም ተጎድቻለሁ። "ለጀማሪ የሚሆን ጨዋ ፈረስ" ብለው ሸጡልኝ። በየወሩ ለቀለቡና ለስልጠናው እከፍላለሁ። ከብት ፊት ግን አያቀርቡኝም። በከብት ፋንታ በገመድ የሚጎተት ባንዲራ ፊት ወዲያ ወዲህ ያስብሉኛል፣ ሰዓቱ ያልቃል፣ ወደ ቤት። መቼ ነው ከብት የማየው ስል "ገና ነሽ" ነው መልሱ። ፈረሱ ወደ ግራ መዞር ሲያስቸግረው "ያንቺ አቀማመጥ ነው" ይሉኛል። እኔም አምኜ ቤቴ ወንበር ላይ ሳይቀር አቀማመጥ እለማመድ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ በረቱ ጀርባ ሆነው አነጋገሬን እየደገሙ ሲሳሳቁ ሰማኋቸው። ከፍዬ የተሳቀብኝ ያ ቀን እስካሁን ያመኛል። ሌላ ቦታ ብሞክር፣ እዚያም ሌላ ፈረስ ካልገዛሽ አናስተምርሽም አሉኝ። በቃኝ ብዬ ነበር።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት የዌዘርፎርዷን ሴትዮ የጠቆመችኝ። ፈረሴን በተጎታች ጭኜ ሄድኩ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ውሃ ይቀዱ ነበር። ፈረሱ ሲወርድ የኮቴውን ድምፅ ሰምተው ዞሩ። አላዩትም እኮ፣ ሰምተው ነው። "እስቲ እንደገና አራምጂው" አሉኝ። አራመድኩት። ቧንቧውን ዘግተው መጡ፣ ጎንበስ ብለው የኋላ እግሩን ከላይ እስከ ታች ዳበሱት፣ በዝግታ እያናገሩት። ከዚያ ቀና ብለው "ይህ ፈረስ ያመዋል። አንቺ ምንም አላጠፋሽም" አሉኝ።

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ወር ጥፋቱ የኔ ነው ስባል ከርሜ፣ ባንድ ደቂቃ ውስጥ እውነቱን ነገሩኝ። የእንስሳት ሐኪሙም መጥቶ ራጅ አነሳው፣ ስለ መገጣጠሚያው ብዙ አስረዳኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ሕመሙን ችሎ ሲሸከመኝ እንደነበረ ነው።

ግቢያቸው ውስጥ የሚሸጥ ፈረስ ሞልቷል። ያኔ ግዢ ቢሉኝ እገዛ ነበር። አንድም ቃል አልተነፈሱም። የራሳቸውን ያረጀች ባዝራ ኮርቻ ጭነው "ያንቺ እስኪያገግም በዚህች ተማሪ" አሉኝ። በዚያው ቀን ከብት ፊት አወጡኝ! "እጅሽን አውርጂ። ከብቷን እይ። ፈረሷን ተያት፣ ሥራዋን ታውቃለች።" ባዝራዋ ዝቅ ብላ ስትዞር ትንፋሼ ቆመ።

ማታ አባዬ ጋ ደወልኩ። "የባዝራዋን ልጓም ለቀቅ አደረግኩት" አልኩት። "ታዲያ ማን ይመልሳታል?" አለኝ። "ራሷ" አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና ስሟን ጠየቀኝ። አሁን ስደውል ከኔ በፊት ስለ እሷ ነው የሚጠይቀው።

የመጀመሪያ ውድድሬ ዕለት ደግሞ ተራዬ ሳይደርስ አጠገቤ ተቀምጠው ከብቶቹን አብረን ስናይ ቆየን። ይቺ ቀደም ብላ ሠርታለች፣ ተያት። ያቺ ትደነግጣለች፣ አትንኪያት። ያቺኛዋ ረጋ ብላ ታይሻለች፣ እሷን ያዢ። እንዲህ እያሉ። የውድድሩ ሜዳ ውስጥ ተወዳዳሪውን አራት ፈረሰኞች ናቸው የሚያግዙት፣ ሁለቱ መንጋውን ይይዛሉ፣ ሁለቱ ከፊት ሆነው ከብቷን ይመልሳሉ። እሳቸው መንጋውን ከያዙት አንዷ ነበሩ። ከብቷ ልታመልጠኝ ስትል "ተቀመጪ፣ ተቀመጪ" የሚለው ድምፃቸው ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ከብቷ አምልጣ መንጋው ውስጥ ብትገባ 5 ነጥብ ይቀነስ ነበር። አላመለጠችም። ዳኛው ከ60 እስከ 80 ነው የሚሰጠው፣ እኔ ከ70 ትንሽ ዝቅ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው አጨበጨቡልኝ።

እባካችሁ ልጆቻችሁን ውሰዱላቸው። እናንተም ሂዱ፣ ዕድሜዬ አልፏል አትበሉ። መጀመሪያ ማየት ከፈለጋችሁ፣ በየዓመቱ በኅዳር ወር ገደማ ፎርት ዎርዝ ዊል ሮጀርስ የሚባለው የውድድር ማዕከል ውስጥ የሦስት ዓመት ፈረሶች ትልቁ የካቲንግ ውድድር አለ፣ ገብታችሁ እዩ። የትም ብትማሩ ደግሞ ፈረስ ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ሐኪም ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ያመጣውን ሳይሆን የራሳችሁን።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ ኢንቦክስ ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። የሚይዙት ተማሪ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ደውሉ። አማርኛ ስለማያነቡ ቅዳሜ ስሄድ እኔው አነብላቸዋለሁ። ፈረሴም እሳቸው ጋ ነው፣ ደህና ሆኗል፣ ቀስ እያልን እያራመድነው ነው። እድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ እናቴ።