«ያለ ምልክት ይነሳል» የተባለው የግድግዳ ፎም ቀለሜን ይዞ ወረደ፤ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ቤታችሁን በገዛ እጃችሁ ማሳመር ለምትወዱ ሁሉ፣ በተለይ ተከራይታችሁ ለምትኖሩ፣ ይህን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ እለምናለሁ። ጡብ የሚመስለውን፣ ከጀርባው ሙጫ ያለውን፣ ወረቀቱን ልጠው ግድግዳ ላይ የሚለጥፉትን የፎም ሉህ ገዝቼ 8 ወር ሳይሞላው ነቅዬ ጣልኩት። የጠፋው ለፎሙ የከፈልኩት ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍኩ ነበር። ግን ቀለሙና አንዳንድ ቦታ ላይ ልስኑም አብሮ ወረደ።

ነገሩ የጀመረው እንደ ብዙዎቻችሁ በቪዲዮ ነው። አንዲት ሴት ባዶ ግድግዳ ፊት ቆማ ወረቀቱን ትልጣለች፣ ትለጥፋለች፣ በመዳፏ ጫን ጫን ታደርጋለች። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ክፍሉ ሌላ ቤት ይመስላል። ከስር የሻጩ ቃል ተጽፏል፦ ውሃ አያሳልፍም፣ እሳት አይዘውም፣ ድምፅ ይከላከላል፣ አይወድቅም፣ ያለ ምንም ምልክት ይነሳል። እኔን ያሸነፈኝ የመጨረሻው ነው። ስለቅ ግድግዳውን እንደነበረ ማስረከብ አለብኝ፤ ሚስማር እንኳ ለመምታት የምፈራ ሰው ነኝ።

የመጀመሪያው መሸወድ ገና እሽጉን ስፈታ ታየኝ። ፎቶው ላይ ያለው ሉህ 70 በ77 ሳንቲ ሜትር የሆነው የተለመደው ትልቁ ነው። እኔ የመረጥኩት ዋጋ ግን ለካ የትንሹ ነው፤ 35 በ38.5። ሻጩ «ግማሽ መጠን» ብሎ ጽፎታል፤ ግማሽ የሆነው ግን የእያንዳንዱ ጎን ርዝመት ነው። ስፋቱን ስታሰሉት ሩብ ነው። 4 ሜትር በ2.6 ሜትር ለሆነ ግድግዳ ማለትም ለ10.4 ካሬ ሜትር፣ ከትልቁ 20 ሉህ ይበቃል፤ ከትንሹ ደግሞ 78 ያስፈልጋል። ለበርና ለመስኮት ዳር ተቆርጦ የሚጣለው ሲጨመር ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ ስትገዙ «10 ፍሬ» የሚለውን ተዉትና የአንዱን ርዝመትና ወርድ አባዙ፤ ከዚያ ዋጋውን በካሬ ሜትር አካፍሉ። እኔ ይህን ሳደርግ ርካሽ ነው ያልኩት ከሁሉም የተወደደው ሆኖ ተገኘ።

ውፍረቱም እንደዚሁ ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ሚሊ ሜትር የጡቡ ሆድ፣ ያበጠው ቦታ የተለካበት ነው። በጡቦቹ መካከል ያለው መስመር ጋ ፎሙ ስስ ነው፤ በጥፍር ብትጫኑት ይሰረጉዳል፣ ተመልሶም አይነሳም። የአልጋዬ ራስጌ የነካው ቦታ በሁለተኛው ሳምንት ጠባሳ አወጣ።

እንዲያም ሆኖ ለጠፍኩት። ደግሞም አምሮ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ለእህቴ ፎቶ ላኩላት፣ እሷም ልትገዛ ነበር። የዚያን ቀን ስለ ዕቃው አስተያየት ጻፍ ብባል ሙሉ ኮከብ እሰጥ ነበር። ሻጮቹ ስር የምታነቡት ምስጋና አብዛኛው እንዲህ የተጻፈ ይመስለኛል፤ ሰው በለጠፈበት ማታ፣ ደስ ብሎት። ቪዲዮውም የመጨረሻው ሉህ ሲለጠፍ ያልቃል። ግድግዳው መልሱን የሚሰጠው ከወራት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የሚቀርጽ የለም።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ታጥፎ የተረሳ እርጥብ ጨርቅ ዓይነት ሽታ፣ ከአልጋው ራስጌ በኩል። አንሶላ ቀየርኩ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ አልጠፋም። ከዚያ ጥግ ላይ ያለው አንድ ሉህ የአውራ ጣት ያህል ተገንጥሎ አየሁት። መልሼ ልጫነው ስል ከስሩ ያለው ነገር ጣቴን አራሰው። ያዝ አድርጌ ሳብኩት። «ቸ—ር» የሚል ድምፅ አወጣ፤ ፎሙ ጀርባ ላይ ነጭ ቀለም እንደ ተላጠ ቆዳ ተጣብቆ መጣ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ በብዕር ጫፍ የተነጠበ የሚመስል ጥቁር ሻጋታ፣ ከወለሉ እስከ ወገቤ ድረስ። ለወራት ራሴን እዚያ ግድግዳ ስር አስጠግቼ ስተኛ ነበር።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን በኋላ ስረዳ ነው የተናደድኩት፤ ምክንያቱም ከሻጩ የተሰወረ ነገር አይደለም። ይህ ፎም ብዙውን ጊዜ ፖሊኤትሊን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ነው፤ ውሃም እንፋሎትም አያሳልፍም። ሻጩ እንደ በጎ ነገር የሚያወራው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ውጭ አየር የሚነካው ግድግዳ በልስኑ በኩል እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣልም። ፊቱን በፎም ስትዘጉት የገባው መውጫ ያጣል። በዚያ ላይ ፎሙ የክፍሉን ሙቀት ከግድግዳው ስለሚከለክል ግድግዳው ከበፊቱ ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ በሉሆቹ መገጣጠሚያ ሾልኮ የሚገባው የክፍሉ አየር ቀዝቃዛው ልስን ላይ ጤዛ ይሆናል። ግድግዳ ላይ ያለው አየር እርጥበቱ 80 በመቶ አካባቢ ከደረሰና እዚያው ከቆየ ሻጋታ ለመብቀል የሚፈስ ውሃ እንኳ አያስፈልገውም።

«አይወድቅም» እና «ያለ ምልክት ይነሳል» የሚሉት ሁለት ተስፋዎች ደግሞ በተቀባ ግድግዳ ላይ አብረው የሚሄዱ አይደሉም። ሙጫው ግድግዳውን የሚነካው በቀለሙ በኩል ብቻ ነው። ሙጫው ከቀለሙ ከደከመ ፎሙ ይወድቃል፤ ከበረታ ቀለሙን ይዞ ይመጣል። ይህ ሲጫኑት የሚጣበቅ ሙጫ ደግሞ ቀን በጨመረ ቁጥር ይበልጥ እየያዘ የሚሄድ ነው። ስለዚህ ሻጩ ለጥፎ ወዲያው ሲያነሳ የሚያሳያችሁ ቪዲዮ ስለ 6ኛው ወር ምንም አይናገርም። ግድግዳው አዲስ የተቀባ ከሆነ የባሰ ነው፤ ሲነኩት የደረቀ ቀለም በደንብ እስኪጠነክር 30 ቀን ያህል ይፈልጋል።

ስለ እሳቱ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። «እሳት አይዘውም» ብለው ላይተር ለጥቂት ሴኮንድ አስጠግተው የሚያሳዩትን አትመኑ። ፖሊኤትሊን ሲሞቅ ይቀልጣል፣ ከተያያዘም እየነደደ ይንጠባጠባል፤ የአንዲት ትንሽ ላይተር እሳት ሌላ ነው፣ የተያያዘ መጋረጃ ሌላ ነው። የሚያስተማምን ነገር ካለ የምርመራ ወረቀት ነው። ለምሳሌ በአውሮፓው ኢኤን 13501-1 መለኪያ ዕቃዎች ከማይቃጠለው ኤ1 እስከ ኤፍ ይመደባሉ፤ አጠገቡ የሚጻፈው ዲ0፣ ዲ1፣ ዲ2 ደግሞ ሲነድ የሚንጠባጠበውን ይናገራል፤ ዲ0 የሚነድ ጠብታ የለውም ማለት ነው። እኔ ሻጩን ይህን ስጠይቀው የላከልኝ ያንኑ የላይተር ቪዲዮ ነው። ወረቀት የሌለውን ፎም ምድጃ አጠገብ፣ ማሞቂያ ጀርባ፣ ሶኬት ዙሪያ፣ ልጆች የሚተኙበት ክፍል ውስጥ እባካችሁ አትለጥፉ።

የድምፁ ነገር ደግሞ ጭራሽ የለም። ከጎረቤት የሚመጣን ድምፅ የሚያቆመው ክብደት ያለው ግድግዳ እንጂ እፍኝ የማይከብድ ስስ ፎም አይደለም።

ሻጩ ገንዘቤን አልመለሰም። መልሱ «የግድግዳዎ ችግር ነው» የሚል ነበር፤ ከታች በደቃቅ ፊደል «ወረቀቱ የተላጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ተጽፏል። ከዕቃው ጋር የመጣው መመሪያ ግን ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ መለጠፍ ነው የሚለው፤ ግድግዳችሁን ፈትሹ የሚል ቃል አላየሁበትም።

እንግዲህ መግዛታችሁ ካልቀረ መጀመሪያ ግድግዳውን እናንተ ፈትሹት። አንድ ወፍራም ላስቲክ 45 በ45 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ አራቱንም ጎን በማሸጊያ ቴፕ ግድግዳው ላይ አሽጉት፤ ለኮንክሪት ወለል የሚደረግ ፍተሻ ነው፣ እዚያ ቢያንስ 16 ሰዓት ይቆያል፤ እኔ ለግድግዳ 2 ቀን እንዲቆይ እመርጣለሁ። ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ካላበው፣ ወይም ከስሩ ያለው ቀለም ከጎኑ ካለው ከጠቆረ፣ እርጥበት አለ፤ ተዉት። መዳፋችሁን በግድግዳው ላይ አሹት፤ ነጭ ዱቄት ከያዘ ማንኛውም ሙጫ የሚይዘው ያን ዱቄት ነው። ከዚያም ጠንካራ ቴፕ ለጥፋችሁ በደንብ ካሻችሁ በኋላ በአንድ ጊዜ ንጠቁት። ቀለም ይዞ ከመጣ ፎሙም ያንኑ ያደርጋል።

ቀድሞ የለጠፋችሁ ካላችሁ በጉልበት አትንቀሉት። የፀጉር ማድረቂያ በመካከለኛ ሙቀት ከጥጉ ጀምራችሁ እያሞቃችሁ፣ ፎሙን ወደ ፊታችሁ ሳይሆን ወደ ራሱ እያጠፋችሁ፣ በስፓቱላ እየረዳችሁ ቀስ ብላችሁ አንሱ። ሙቀቱን አታብዙት፣ ፎሙ ቀልጦ ይጣበቃል። ከስሩ ሻጋታ ካገኛችሁና ከ1 ካሬ ሜትር ያነሰ ከሆነ ራሳችሁ ልታጸዱት ትችላላችሁ፦ ኤን95 ማስክና ጓንት አድርጋችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ፣ በሳሙና ውሃ። በደረቁ አትፈግፍጉት፣ በአየሩ ይበተናል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ቤት ውስጥ አስም ያለበት ሰው ካለ ለባለሙያ ስጡት። ግድግዳው ፈጽሞ ሳይደርቅ ስቱኮም ቀለምም አትቀቡ።

እኔ ግድግዳው እስኪደርቅ 5 ሳምንት ጠበቅሁ። የተላጠውን በስቱኮ ሞላሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩ፣ ፕራይመር ቀባሁ፤ ከዚያ አከራዬን አስፈቅጄ አልጋው ራስጌ ላይ በቀለም ቅስት ሠራሁ። እህቴ የክሩን አንድ ጫፍ በአውራ ጣቷ ግድግዳው ላይ ተጭና ያዘች፣ እኔ በሌላኛው ጫፍ እርሳስ አስሬ ክሩን ሳላላላ አዞርኩት፤ ግማሽ ክቡ ከወጣ በኋላ ከሁለቱም ጫፍ ወደ ወለሉ ቀጥ ያለ መስመር አወረድን። ዳሩን በቀጭን ብሩሽ፣ ውስጡን በሮለር። 1 ሊትር የውሃ ቀለም አንድ ጊዜ ሲቀባ 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን ሁለት ጊዜ ቀብቼም ተረፈኝ። የጡቡ መልክ የግድ ካማራችሁ ደግሞ የምርመራ ወረቀት ያለውን ፈልጋችሁ ስስ ኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፉትና እንደ ስዕል ስቀሉት፤ ከኋላው አየር ይዞራል፣ ስትለቁ አውርዳችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ፎሙን ለጥፋችሁ 6 ወር ያለፋችሁ ካላችሁ ዛሬ ውጭ አየር ከሚነካው ግድግዳ ላይ አንዱን የታችኛውን ጥግ ገልጣችሁ እዩ፤ ያገኛችሁትን ደግም ይሁን ክፉ ከነፎቶው ጻፉልን።