መርፌ መያዜን ላሳወቁኝ ዶክተር

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ሰፊ ነኝ። 17 ዓመት አንገቴን ደፍቼ ነው የሠራሁት። ዓምና የቀኝ እጄ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ደነዘዙ። መርፌ መያዜን በዓይኔ ካላየሁ አላውቅም። ሌሊት ደግሞ ከአንገቴ ተነስቶ ክንዴን ኤሌክትሪክ እንደያዘኝ ያንዘረዝረኛል።

መጀመሪያ የታከምኩበት ቦታ "የትከሻ ብርድ ነው" ብለው መርፌ ወጉኝ። ወጌሻ ይሽህ ያለኝም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልታሸሁም።

ዛሬ የማመሰግናቸው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ጥቁር አንበሳ የሠለጠኑ ናቸው። ስልጠናው እዚያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ቀድሞ ይህን ሙያ ለመማር ባሕር መሻገር ግድ ነበር። ገና እንደገባሁ እጄን ያዙና "ይግፉኝ፣ ይሳቡኝ" አሉኝ። ኤምአርአዩን አብረን አየነው። በአምስተኛውና በስድስተኛው የአንገት አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል።

ግን አልቸኮሉም። "ብዙ ሰው በመድኃኒትና በፊዚዮቴራፒ ይሻለዋል፣ እንሞክር" አሉኝ። ስድስት ሳምንት ሞከርን። ካውያ ማንሳት ሲያቅተኝ ነው "አሁን መቆየት የለብንም" ያሉኝ።

የሚቀደደው በአንገቴ ፊት ለፊት ነው ሲሉኝ ደነገጥኩ። የሚያመኝ ከኋላ ነዋ! ወረቀት አውጥተው ሳሉልኝ። የአየርና የምግብ ቧንቧው ወደ ጎን ይገፋል። ህብለ ሰረሰሩን ሳይነኩ ዲስኩን ያወጡታል። በቦታው ትንሽ መደገፊያ ይገባና በታይታኒየም ሳህንና ብሎን ይታሰራል። ሁለቱ አጥንቶች በወራት ውስጥ አንድ ይሆናሉ። የሚያስፈራውንም አልደበቁኝም።

ስነቃ ድምፄ ሻክሯል፣ ምራቅ መዋጥ እንደ እሾህ ነው። አስቀድመው ስለነገሩኝ አልፈራሁም። የሌሊት ተረኛዋ ሲስተር ሾርባውን አቀዝቅዛ በማንኪያ ያጎረሰችኝን ደግሞ መቼም አልረሳም። የክንዴ ሕመም በማግስቱ የለም። ድንዛዜው ግን ቀስ እያለ ነው የለቀቀኝ። ጠባሳው የአንገቴን ሽብሽብ ተከትሎ ተቀምጧል፣ ሰው ካልነገሩት አያየውም። ስፌት ሥራዬ ነውና አውቃለሁ፦ እጃቸው የተባረከ ነው።

እጃችሁ የደነዘዘ ወገኖቼ፣ ታዩ። የልብስ ቁልፍ መቆለፍ ካቃታችሁ፣ ስትራመዱ ከተንገዳገዳችሁ ወይም ሽንታችሁን መቆጣጠር ካልቻላችሁ ነገ አትበሉ፤ ህብለ ሰረሰር ተጭኖ ሊሆን ይችላል።

ዶክተር፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ሳላስፈቅድ ስማቸውን አደባባይ ላይ አላወጣም። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ የሚያክሙበትን ቦታ እነግረዋለሁ፣ ካስፈለገም ይዤው እሄዳለሁ።