የሚሞቅ ወለል ወይስ ሂተር?

የምንኖረው አራት ኪሎ አካባቢ፣ ምድር ላይ ያለ ቤት ነው። በክረምት ጠዋት ሴራሚኩን በባዶ እግር መርገጥ በረዶ መርገጥ ነው፤ እናቴ ካልሲ ደርባም አልሆነላትም። እናም ቁጭ ብዬ አሰላሁ።

ባለ 2,000 ዋት ሂተር ሶኬት ላይ እንደተሰካ ያሞቃል። ለ3 ሰዓት ቢበራ 6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ምጣድ ከተጣደ ደግሞ ብሬከሩ ይወርዳል። አየሩ ይሞቃል እንጂ ወለሉ ያው ነው።

የሚሞቅ ወለል ደግሞ ስሩ በተቀበረ ቱቦ ሙቅ ውሃ የሚዞርበት ነው፤ ውሃውን የሚያሞቀው ሂት ፓምፕ የሚባል ማሽን ነው። ማሽኑ ራሱ ሙቀት አያመነጭም። እንደ ፍሪጅ ሆኖ፣ ግን በተቃራኒው፣ ከውጭ አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት ያስገባል። 1 ኪሎዋት ሰዓት በልቶ 3 ወይም 4 የሚያህል ሙቀት ይሰጣል። ወለል ስር በተቀበረው ቱቦ ለሚዞረው ውሃ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ይበቃዋል፤ የአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ ለማሽኑ ቀላል ነው።

ጣጣው ሌላ ነው። ሴራሚኩ ተነቅሎ፣ ቱቦ ተዘርግቶ፣ ሊሾ ይፈስበታል፤ ወለሉ ከፍ ስለሚል በሩም ከታች ይቆረጣል። ሞቆ እስኪሰማ ሰዓታት ይፈጃል፣ ለመቀዝቀዝም እንደዚያው። የኛ ከተማ ግን ጠዋት ጋቢ፣ ቀትር ላይ ቲሸርት ናት! ፀሐይ ወጥታም ወለሉ ማሞቁን ይቀጥላል። መብራት ሲጠፋ ብቻ ይህ ጠባዩ ይጠቅማል።

ቤት ከመሠረቱ የሚሠራ ሰው ቱቦውን ቢቀብር አልቃወምም። እኔ ሂተር ገዛሁ፣ ለእናቴም ወፍራም ምንጣፍ ጨመርኩ። ከሰሉ ግን ከነማንደጃው ወጥቷል፤ በተዘጋ ክፍል ሽታ የሌለው ጋዙ ይገድላል።