የሳጊናው 800 የመሪ ሳጥን ለቆዩ ፒክአፖች፦ ሳጥኑና ተጓዳኝ ክፍሎቹ

ያለ ፓወር ስቲሪንግ የተሠሩ የቆዩ ባለ ባሌስትራ ፒክአፖችን መሪ ለማቅለል ከሚፈለጉት የመሪ ሳጥኖች (የመሪውን መዞር ወደ ጎማው የሚያስተላልፉ ባለ ጥርስ ሳጥኖች) ሁሉ፣ በጄኔራል ሞተርስ መኪናዎችና በጂፕ ላይ ለብዙ ዓመታት ያገለገለውን ሳጊናው 800 አስቀድማለሁ። በሳጥኑ ውስጥ በትሉ (መሪው በሚያዞረው ጠመዝማዛ ዘንግ) እና በላዩ በሚሄደው ዳዶ መካከል የሚንከባለሉት የብረት ኳሶች ፍትጊያውን ይቀንሳሉ፤ ዘይት የሚገፋው ፖምፓ ሥራ ቢያቆም መሪው ይከብዳል እንጂ ከጎማው ጋር ያለው ግንኙነት አይቋረጥም። በብዙ የመኪና ዓይነቶች ላይ ስለተገጠመም የጎሚኒና የኩሽኔታ መለወጫው በቀላሉ ይገኛል።

የፈላጊውን ትዕግሥት የሚፈትነው ግን ከሳጥኑ ይልቅ ከእሱ ጋር መስማማት ያለበት ነገር ሁሉ ነው። ሳጥኖቹ ከውጭ ሲታዩ ተመሳሳይ ቢመስሉም፣ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር የአንዱ ክንድ (ከሳጥኑ ወጥቶ ጎማውን የሚያዞረው ብረት) ወደ ፊት፣ የሌላው ወደ ኋላ ሊሄድ ይችላል፤ ይህን ሳያረጋግጥ የገዛ ሰው ጎማው ከመሪው በተቃራኒ የሚዞር መኪና ይገጥመዋል። የመግቢያው ዘንግ ጥርስም እንደ ሳጥኑ ዕድሜ 30 ወይም 36 ስለሚሆን፣ ከመሪው ዘንግ ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ (ክሮቸራ) ከመገዛቱ በፊት ጥርሱ መቆጠር አለበት። በቆዩት ሳጥኖችና ከ1980 እ.ኤ.አ. ገደማ ወዲህ በተሠሩት መካከል የዘይት ቱቦው አገጣጠምም ይለያያል፤ የቀደሙት ጫፉ እንደ ጥሩምባ የሰፋ ቱቦ፣ የኋለኞቹ ባለ ጎሚኒ ቀለበት ይቀበላሉ። ስለዚህ የተበታተኑ አዳዲስ ዕቃዎችን ከመሰብሰብ ይልቅ፣ ሳጥኑን ከነክንዱ፣ ከነፖምፓውና ከነቱቦው ከአንድ መኪና ላይ የተፈታ አድርጎ መግዛት እጅግ የተሻለ ነው።

ተስማሚ ክንድ ሲጠፋ ቆርጦ በብየዳ ማስረዘምን እንደ መፍትሔ የሚያቀርቡ አሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ክንዱ በጉዞ ላይ ከተሰበረ መኪናውን የሚይዘው ነገር የለም። በክንዱ ላይ ያለው፣ ቴስቲናው (በኳስ የሚዞረው መገጣጠሚያ) የሚገባበት ሾጣጣ ቀዳዳ ካልገጠመም በትክክለኛው መሞረጃ ማስፋት ወይም ልኩ የሆነውን ቴስቲና መፈለግ እንጂ በብሎን አጥብቆ ማስገደድ አይገባም።

ቴላዮው (የመኪናው ዋና የብረት አካል) ቀድሞ ለዚህ ኃይል አልተሠራምና ሳጥኑ የሚቀመጥበት ቦታ በወፍራም ላሜራ መጠናከር፣ ብሎኖቹም በሚያልፉበት ቀዳዳ ውስጥ የብረት ቱቦ መግባት ይኖርበታል፤ ያለዚያ ብሎኑ ሲጠብቅ ቴላዮው ይጨማደዳል፣ ቆይቶም ይሰነጠቃል። ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው የሚጎትተው ዘንግ ያለ ልክ ካዘነበለም ባሌስትራው በተጫነ ቁጥር መሪው በራሱ ይዞራል።

ለቀላል ፒክአፕ ይህን ሳጥን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ለከባድ ጭነት መኪና ግን ያንሳል። ያገለገለውን የሚገዛ ሰው ክንዱ የሚታሰርበትን ዘንግ ይዞ ወደ ጎን ይነቅንቀው። ዘንጉ ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋል፤ ከላይ ያለውን ማስተካከያ ብሎን ማጥበቅም መሪው ከታጠፈ በኋላ እንዳይመለስ ያደርገዋል እንጂ ብልሽቱን አያስወግደውም።