አንድ አብራሪ ወይስ ሁለት?

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ጣና ሳይታይ ካፒቴኑ ራሱን ቢስትስ?

ሁለት አብራሪ ካለ፣ አንዱ ሁለቴ ተጠርቶ ዝም ሲል ሌላው መሪውን ይረከባል። ሆስተስ ገብታ የታመመውን ከመሪው ላይ ወደ ኋላ ትስባለች፣ ቀበቶውን ታጠብቃለች። ምግባቸው እንኳ እንዳይመሳሰል ይመከራል፤ የጣና ዓሣም ቢሆን! እ.ኤ.አ. በ2024 የቱርክ አየር መንገድ ካፒቴን አየር ላይ ታሞ ሲሞት ባልደረቦቹ አውሮፕላኑን ኒውዮርክ አሳርፈውታል።

ብቻውን ከሆነስ? በ2022 ፍሎሪዳ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ሴስና አውሮፕላን አብራሪ ሲታመም፣ አብርሮ የማያውቅ ተሳፋሪ በሬዲዮ እየተመራ አሳረፋት። ጉድ ነው! ግን ዕድል ነው። አንድ አብራሪ ወጪ ይቀንሳል የሚሉ አሉ። እኔ ግን ቲኬቱ ቢወደድም ሁለቱም ወንበር ላይ ሰው ይኑር ባይ ነኝ።