የሕመም ምልክት መዝጋቢው መተግበሪያ ከቱሉ ዲምቱ ሲታይ

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው የስልክ መተግበሪያ፣ የካንሰር ሕክምና የሚከታተሉ ሰዎች በየዕለቱ የሚሰማቸውን ሕመም፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና ትኩሳት መዝግበው ለሚከታተላቸው የሕክምና ክፍል እንዲያደርሱ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ገና በሙከራ ላይ ያለ በመሆኑ ስሙን አልጠቅስም። የተጠቀምንበት በጡት ካንሰር ምክንያት በየ21 ቀኑ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ከሚወስዱት አክስቴ ጋር ሲሆን፣ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከዚህ ተነሥቶ ጥቁር አንበሳ ለመድረስ ታክሲ መቀያየርና የቃሊቲን መጨናነቅ ማለፍ ግድ ስለሚል፣ ከሠፈራችን ታማሚ የሚወጣው ወይ ቀጠሮው ሲደርስ ወይ ነገሩ ሲከፋ ነው። መተግበሪያው ሊሞላ የተነሣው በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ነው። ደህና በሆኑበት ቀን የትኛውም መተግበሪያ ቀላል ስለሚመስል፣ እኔ የመዘንኩት ታማሚዋ ቀና ብለው መቀመጥ ባቃታቸው ቀን በሰጠው አገልግሎት ነው።

በአንድ ገጽ የሚቀርበው አንድ ጥያቄ ብቻ ሲሆን፣ መልሱም «የለም»፣ «ቀላል»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» እና «እጅግ ከባድ» በሚሉ ሰፋፊ ቁልፎች ይሰጣል። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ለዚሁ ዓላማ ያዘጋጀው መጠይቅ 78 ምልክቶችን የያዘ ነው፤ አዘጋጆቹ ከዚያ ውስጥ ለየሕክምናው የሚስማሙትን ጥቂቶች ብቻ መምረጣቸው አስተዋይነት ነው። በቀደመው እትም ሕመም የሚለካው ከ0 እስከ 10 በተዘረጋ መስመር ላይ ጣትን በማንሸራተት ነበር። ፓክሊታክሴል የተባለው የኬሞ መድኃኒት የእጅና የእግር ጣቶችን ስለሚያደነዝዝ፣ የአክስቴ ጣት መስታወቱን መንካቱን እንጂ የት ላይ እንዳረፈ አያውቅም፤ ምልክቱ በ6 እና በ8 መካከል ሲዋልል ቆይቶ ስልኩን ወደ እኔ ይገፉት ነበር። ቁልፎቹ ከተተኩ ወዲህ ራሳቸው ይሞላሉ። ማንበብ የሚያደክመው ሰው ደግሞ የድምፅ ማጉያዋን ምስል ሲነካ ጥያቄው በሴት ድምፅ ረጋ ብሎ ይነበብለታል።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ግን የጥያቄዎቹን አቀራረብ ነው። የእኛ ታማሚ «እንዴት ነዎት?» ሲባል መልሱ ምንጊዜም «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው፤ ሌሊቱን ሲያስታውኩ ያደሩት አክስቴ ጠዋት ለጠየቃቸው ጎረቤት ሁሉ ይህንኑ ይላሉ፣ ለሐኪማቸውም እንዲሁ። መተግበሪያው ይህን ልማድ የሚያልፍበት መንገድ አግኝቷል። ስለ ድካም ሲጠይቅ «ዛሬ ያለ ድጋፍ ተነሥተው ፊትዎን ታጥበዋል?» ይላል፤ ስለ ማቅለሽለሽ ሲጠይቅ ደግሞ «ቡና ሲቆላ ሽታው አስጠልቶዎታል?» ይላል። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ «ተመስገን» መልስ አይሆንም። መልሱን የሚሞላው ታማሚው ራሱ ወይስ አስታማሚው መሆኑን አስቀድሞ መጠየቁም ተገቢ ነው፤ አስታማሚ ትኩሳትንና ማስታወክን ያያል፣ የመደንዘዝንና የጭንቀትን መጠን ግን ይገምታል እንጂ አያውቅም።

የምግብ ፍላጎትን በተመለከተ ግን ያው ጥንቃቄ ጎድሎታል። «ከወትሮው ያነሰ በልተዋል?» የሚለው ጥያቄ በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ለሚጾም ሰው ምን ትርጉም እንዳለው አልታሰበበትም። ሕመምተኛ እንዳይጾም ቢመከርም የሚጾመው ብዙ ነው፤ አክስቴም ሳምንቱን ሙሉ «አዎ» ሲሉ ሰንብተው መተግበሪያው ክብደት እየቀነሱ እንደሆነ አድርጎ ማስጠንቀቂያ ላከ። «ምግብ ሲቀርብልዎ መብላት አቅቶዎታል?» ቢባል ይበቃ ነበር።

የሰዓቱ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲታይ ሰዓቱ በፈረንጆቹ ቀርቷል። ፓክሊታክሴል በሚሰጥበት በአንደኛው አሠራር መሠረት፣ አለርጂን ለመከላከል ዴክሳሜታዞን የተባለው ክኒን ከመድኃኒቱ 12 ሰዓትና 6 ሰዓት ቀደም ብሎ ይዋጣል። ኬሞው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ የመጀመሪያው የሚዋጠው የዋዜማው ማታ 3 ሰዓት፣ ሁለተኛው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። መተግበሪያው መድኃኒት በሚያስታውስበት ዝርዝር ግን የመጀመሪያው 9:00፣ ሁለተኛው 3:00 ተብለው ተጽፈዋል። በለመደው አቆጣጠር የሚያነብ ሰው የመጀመሪያውን ክኒን በሁለተኛው ሰዓት፣ ሁለተኛውን ደግሞ ኬሞው በሚጀመርበት ሰዓት ይውጣል። ማንቂያው በትክክለኛው ጊዜ እንደሚጮኽ አውቃለሁ፤ ሆኖም መብራት ጠፍቶ ባትሪ ባለቀበት ማታ የሚቀረው ቀድሞ በወረቀት የተገለበጠው ዝርዝር ነው። ይህ ሳይታረም መተግበሪያው ለብዙ ሰው መሰጠት የለበትም።

ትኩሳትን በሚመለከት አሠራሩ እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ ግሩም ነው። ኬሞ ከተወሰደ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ነጭ የደም ሴሎች ስለሚያንሱ 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ለነገ የሚባል አይደለም። መተግበሪያው እነዚህን ቀናት ራሱ ቆጥሮ በየማታው ይጠይቃል፤ ቴርሞሜትር ለሌለው ቤት ደግሞ «ብርድ ብርድ ብሎዎታል? አንቀጥቅጦዎታል?» የሚል አማራጭ አለው። ፓራሲታሞል ተውጦ እንደሆነ ቢጠይቅ መልካም ነበር፤ ክኒኑ ትኩሳቱን ሸፍኖ ያዘናጋልና። ከዚያ ገጹ ቀይ ይሆንና «አሁኑኑ ይደውሉ» የሚል ቁልፍ ይወጣል። አንድ ማታ አክስቴን ሲያንቀጠቅጣቸው ቁልፉን ነካን፤ የተሞላው ቁጥር የቢሮ ስልክ ስለነበር ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ኮንትራት ታክሲ ይዘን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄድን።

ይህን የማነሣው ለወቀሳ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ ምዝገባ ዕድሜ እንደሚያራዝም ያመለከተው፣ በኒውዮርኩ የካንሰር ሆስፒታል በሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ 766 ታማሚዎችን አሳትፎ ውጤቱ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት፣ ምልክታቸውን በኮምፒውተር ያሳወቁት ታማሚዎች የዕድሜ ቆይታ መካከለኛ መጠን (ሚዲያን) 31.2 ወር፣ በተለመደው መንገድ የታከሙት ደግሞ 26 ወር እንደነበር አሳይቷል። በዚያ ጥናት ምልክት ሲባባስ መልእክቱ የሚደርሰው ለነርስ ነበር፤ ነርሶቹም ከ100 ማስጠንቀቂያ ለ77ቱ አንድ ነገር አድርገዋል፤ መድኃኒት ለውጠዋል፣ ምክር ሰጥተዋል ወይም ታማሚውን ወደ ሌላ ሕክምና ልከዋል። የእኛው መተግበሪያ የዚህን ጥናት ጥያቄ ወስዶ ነርሷን ትቷታል።

የቀረውን ባጭሩ ልለፈው። ኔትወርክ ሲጠፋ መረጃውን ይዞ ቆይቶ በኋላ ይልካል፤ በርካሽ ቴክኖ ስልክም ላይ አይንቀራፈፍም። በስልኩ የፊት ገጽ ላይ «ካንሰር» የሚል ቃል አለመውጣቱ፣ በሽታው ከጎረቤት አልፎ አንዳንዴ ከታማሚው ከራሱ በሚደበቅበት አገር ትልቅ ነገር ነው። ለሐኪም የሚያዘጋጀው ሪፖርት ግን ሰባት ገጽ ሙሉ ግራፍ ነው፤ ኮሪደሩ በወረፋ የተሞላበት ሐኪም የሚያነበው ከመጨረሻው ቀጠሮ ወዲህ ምን አዲስ እንደመጣና ምን እንደባሰ የሚነግር ሦስት መስመር ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ ለሚይዙት ታማሚዎችም ጥያቄውን በጥሪ አሰምቶ መልሱን በቁጥር የሚቀበል አገልግሎት ቢታከል፣ ተጠቃሚው በብዙ ይጨምራል።

አሁን ባለበት ሁኔታ፣ ስማርት ስልክና አጠገቡ የሚረዳው ሰው ላለው ታማሚ እንዲጠቀምበት እመክራለሁ። ከመጀመሩ በፊት ግን ማታም የሚነሣውን የተረኛ ክፍል ስልክ ቁጥር ከነርስ ጠይቆ የቢሮውን ቁጥር ይተካ፤ መቀየሪያው «ቅንብር» በሚለው ገጽ ሦስተኛው መስመር ላይ ይገኛል።